ሁለት ክንድ ከፋይ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ስትወርዱ፣
ሃያ መኪና ነው ግራ ቀኝ መንገዱ።
ለእንግዳ ጆሮ ያው አንድ ዝናብ ነው፤
እያንዳንዱን ጠብታ እኛ ነን የምናውቀው፦
የሙክታር መኪና፣ ቀበቶው ላልቶበት፣
ሲሮጥ እንደ ፍየል ያስነጥሳል ድንገት፤
የአይ ዘይቱና ልጅ፣ ሱሪ ሲያሳጥር፣
ሁለት ጥልፍ ሰፍቶ ይቆማል ሊያወራ ነገር።
ከእኔ ስምንት እርምጃ፣ ከግንቡ ጥግ በኩል፣
የአቶ ምንውየለት — ሳይዘገይ፣ ሳይቸኩል፣
እንደ ሽማግሌ ምክር፣ እንደ ቅዳሴ ልክ።
ሦስት ዓመት ሰማሁት፣ አንድ ሰላም ሳልልክ።

ነገሩ ከፋይ ነው፤ ቀይ፣ ለመቅደስ መጋረጃ።
አብረን ቆረጥነው፣ አብረን ሰፋነው፤
ሲለካ ሁለት ክንድ ጎደለ፣ ያለ አንዳች ማስረጃ።
በማኅበራችን ቀን፣ ዳቦው ተቆርሶ፣
ጽዋው ሊዞር ሲል፣ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ፣
«ጨርቁ» አለ፣ «ያን ሌሊት ማን ቤት ነበር ያደረው?»
ጥያቄ ብቻ ነው። ግን ቤቱን ጭር አደረገው።
ስድብ ቢሆን ኖሮ በስድብ ይመለሳል፤
ጥያቄ እንደ መርፌ ነው፤ ይገባና እዚያው ይሰበራል።

ከዚያ ወዲያ ጽድቄ ለእልህ ሆነ መሰል፤
ቁራጭ ጨርቅ ሲተርፈኝ፣ ጣት እንኳ ቢያክል፣
ጠቅልዬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤
ለአይ ዘይቱና የወለቀ ቁልፍ ሳይቀር ቆጥሬ እሰጣለሁ።
«አንተ ሰው» አለችኝ፣ ቁልፏን እያየች፣
«ላልከሰሰህ ሰው ነው የምትምለው» ብላ ሳቀች።

ድንኳን ልንወጥር ከለቅሶ ቤት በኩል፣
እኔ ገመድ ስስብ፣ እሱ ካስማ ሲተክል፣
በመካከላችን ሸራው ይወጠራል እኩል።
አንድ ቃል ሳይነገር።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ሲያዜም፣
«ሰላም ተባባሉ» ብሎ ድምፁን ሲያረዝም፣
ቀኙን እጅ ነሳሁ፣ ግራውን እጅ ነሳሁ፤
ከምሰሶው ጎን ግን ያለውን ሰው ረሳሁ።
(መርሳት እንዴት ያለ ሥራ ነው መሰላችሁ!)

ግንቦት ላይ ነው፤ ውሃ ከጠፋ ሃያ ቀን፣
ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ተሰልፎ በራችን፣
ከሃያው መኪና የአንዱ ድምፅ ጎደለ፤
እጄ ከእኔ ቀድሞ ሥራውን ጣለ።
ቀና ብዬ ሳየው፣ ክር በምራቅ አርሶ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ መልሶ፣
አየር ይወጋል። አሁንም ይስታል።
ለካ ሞራ ነው። ለማንም ሳይነግር ዓይኑን ጋርዶታል፤
እስከ ዛሬ የሰፋው በልማድ ኖሯል።

የግመሉና የመርፌው ወንጌል በተነበበ ቁጥር፣
ሀብታም ይጨነቅ ስል ነበር፤ እኔ ምን አለኝ ከክር በቀር?
ለካ ቂምም ሻኛ አለው። ተሸክሜው ኖሬ፣
ስምንት እርምጃ ማለፍ አቅቶኝ እስከ ዛሬ።

ሄድኩ። ሰላም አላልኩም። እጄን ዘረጋሁ፤
መርፌውን ሰጠኝ፤ ክሩን አስገባሁ።
«ጥቁር ነው?» አለኝ። «ጥቁር ነው» አልኩት።
«ያንንም ጨምርልኝ።» ጨመርኩለት።

ከፋዩ አልተገኘም። እስከ ዛሬም የለም።
እሱም አላነሣው፣ እኔም አልማልኩለትም።
ብቻ በየጠዋቱ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣
ዐሥር መርፌ ክር አጥልቄ እሰካለሁ፣
በትራሱ ግራ፣ እጁ በለመደበት፤
አምስቱን በነጭ፣ አምስቱን በጥቁር።
ያ ወሬኛው ልጅ አይቶኛል፤ ግን አልሰማሁም ሲናገር።

ባለፈው እሑድ፣ ያ ዜማ ሲደርስ፣
አንገቴ ዞረ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቀሳቀስ።
ምሰሶው ጋ ያለው ጎንበስ አለ፤ ለእኔ ይሁን፣ ለሌላ፣
በዚያ ዓይኑ አይለይም። ጎንበስ አልኩ እኔም ኋላ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ከግንቡ ጥግ በኩል
ያ ድምፅ ተነሥቷል፣ ሳይዘገይ፣ ሳይቸኩል።
ቆጠርኩ፤ ሃያ ሞላ።
«ቀይ ክርስ አለህ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
አለኝ።
ቀይም አለኝ።