የበረኛው ቦርሳ

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ጣና ጉሙን ለብሶ፣
ሜዳ እደርሳለሁ፣ ቦርሳዬ ቀድሞኝ ደርሶ።
«አንማው መጣ» ይላል ደሳለው፣ አጎንብሶ ጫማ ሲያስር፤
ዞሮ ማየት አያሻውም፣ ነፋስ ነግሮታል ምስጢር።

ጤና ቡድን ነው ስማችን፤
ሦስት ስኳር፣ ሁለት ግፊት፣ አንድ ሪህ ነው ቁጥራችን፤
ኳሷን ከሚያባርራት የሚያስታምማት ይበዛል መሐላችን።
እኔ በረኛ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ
የሰው በር እያንኳኳሁ የውኃ ቆጣሪ አነባለሁ፤
ቅዳሜ በራሴ በር እቆማለሁ።

ጓንቴ ዘጠኝ ክረምት ቆጥሯል።
ላብ በላብ ላይ ደርቦ፣ ጭቃ በሣር፣ ሣር በምራቅ
(ምራቁን ያልተፋበት በረኛ ኳስ ያመልጠዋል፣ ይኼ የታወቀ ነው)፣
ሲደርቅ ቋንጣ፣ ሲርስ ጉበት፤
የቦርሳው ዚፕ ሲከፈት
ክዳኑ ተዘግቶ የተረሳ የአምባዛ ባልዲ ነው፣ በግንቦት ሙቀት።

ይርገዱ ሕግ አወጣች፦ ቦርሳው ደፍ አያልፍም።
ማንጎው ላይ ሚስማር መታች፤ እዚያ ይሰቀላል፣
ወፍ እንኳ አጠገቡ አታርፍም።
ዘንድሮ ዛፉ አበባ ሲነሳን
«ምን ያድርግ» አለች፣ «አንተ እየሸተትህ እሱ ለማን ብሎ ያብብ?»

የባጃጁ ስለናት፣ ከግሽ ዓባይ ሹም አቦ
የሁለት ሰው ሒሳብ ያስከፍለኛል፤
«አንዱ ቦርሳው ነው» ይላል፣ አፍንጫውን በፎጣ ሸብቦ።

ያልሞከርሁት የለም።
ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ሎሚው ሸተተ።
ጋዜጣ ጠቅጥቄ አሳደርሁ፤ ዜናው ከርፍቶ አደረ፣ ፊደሉ መዳፌ ላይ ታተመ፤
ጤና አዳም ሰካሁ በጫማው፤ ጤና አዳሙ ታመመ።

በመጨረሻ የይርገዱ አክስት ከአቸፈር መጥታ ውጭ በር ላይ ቆመች፣
አፍንጫዋን ይዛ «እንዶድ» ብላ
ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ቤት ገባች።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ወረድሁ ወደ ሐይቁ ዳር።
እንዶድ ዓሣ ያሰክራል፤ ቧንቧ የምጠብቅ ሰው ነኝና አፈርሁ፤
በሳፋ ቀዳሁ፣ ከደንገሉ ራቅሁ፣ ፍሳሹን ለአሸዋ ደፋሁ።
መጀመሪያ ጠላ መሰለ፣ ቀጥሎ አጓት፣
ቀጥሎ ራሱን ውኃውን።
ማገዶ የጫነ ታንኳ በቅርብ ሲያልፍ ቀዛፊው ጠየቀኝ፦
«ምን ሞቶብህ ነው?»
«ጓንት ነው።»
«ቅበረው» አለና መቅዘፊያውን አፈጠነ።

የፈሰሰውን አየሁት፤ ዘጠኝ ክረምት ነው፦
የጨርቃ ጨርቆቹን ፍጹም ቅጣት ምት ያዳንሁበት ቀን፣
ቻላቸው ሪሁ ተነሥቶበት በጎል መረብ ተሸክመን የወሰድነው ቀን፤
አሸዋው ጠጣው። ምንም አልቀረም።

ዓርብ ደረቀ። አሸተትሁት፤ የለም።
እጄን ስከት የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ የገዛ ውሻችን ጮኸብኝ።
ደሳለው ቀና ብሎ አየኝ፣ «ማነው?» እንደማለት።
ድሮ ማዕዘን ምት ሲመታ ዙሪያዬ ሦስት ሜትር ባዶ ነበር፣
የሚደፍር አጥቂ አልነበረም፤
ያን ቀን ትከሻዬ ላይ ወጡብኝ።
አምስት ገባ። አምስተኛውን
ሪህ ያለበት ተከላካያቸው ነው ያገባው፣ እያነከሰ።

ማታ ቦርሳውን ይዤ ደፉን አለፍሁ፤ ሕጉ ተሽሯል።
ይርገዱ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ቆየች፣
«ምንም አይልም» አለች፤
ተደስታ ይሁን አዝና፣ አልለየሁም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዘነበ።
ጭቃው እስከ ጉልበት። ከፉጨቱ በፊት
መዳፌን ዘርግቼ ምራቄን ተፋሁበት።

ስመለስ ማንጎውን ቀና ብዬ አየሁት፤
ሚስማሩን አልነቀለችውም።