ባዶውም ይሰጥማል

ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ፣ ሲኖትራክ ከሚታጠብበት ሜዳ፣
የሙዘሚል ግቢ አለ፤ ውሻው የማይለይ ዘመድ ከባዳ።
ከራዲያተሩ ክምር፣ ከተቆራረጠው የአልጋ ብረት ኋላ
ሁለት የጠላቂ ሲሊንደር፤ አንዱ አጭር ደንዳና፣ አንዱ ረጅም ሰላላ።
ታቻቸው ድቡልቡል ነው፤ የጎማ ጫማቸው ጠፍቶ
ሙዘሚል አቁሟቸዋል፣ ዙሪያቸውን በጠጠር ሞልቶ።
ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ያለው ሰው የብረት ጋን መች አይቶ!

ተንበርክኬ ትከሻቸውን በጣቴ እያሸሁ አነባለሁ፤
ዝገቱን በምራቄ አርሼ ፊደሉን ከቁጥሩ እለያለሁ፦
ስንት ሊትር፣ ስንት ባር፣ የተፈተነበት ወር ከነዓመቱ።
ምነው ለሰውም ቢወቀርለት፣ እስከ ምን እንደሚችል አንጀቱ።

አጭሩ አሥራ አምስት ሊትር፣ ረጅሙ አሥራ ሁለት።
አጭሩ ብዙ ትንፋሽ ይይዛል፤ ግን ገደል መውጣት አለ በዚያ ሁሉ ክብደት።

ወይዘሮ ይርገዱ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣
ድንኳንና ድስት እንጂ እንዲህ ያለ ዕቃ መች አማርጠው፣
«አሉሚኒየሙ ይቀላል አሉ፤ ለምን እሱን አንገዛም?»
«እሱ አየሩ ሲጎድል ወደ ላይ ይላል፤ ጭቃው ላይ አያቆየኝም።
ብረት ባዶውም ይሰጥማል።»
                              ዝም አሉ።
«ባዶውም?»
          «ባዶውም።»

አምና በነሐሴ፣ ከቂሊንጦ በላይ፣ ድንጋዩ ተፈልጦ ባለቀው ካባ፣
ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ የጉተማ ልጅ ሊዋኝ ገባ።
ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የካባ ውኃ ግን አይስቅም፤
ሲሚንቶ መስሎ ይተኛል፣ የገዛ እጅህን አያሳይም።

እኔ ምጽዋ የጠለቅሁ ሰው ነኝ፤ ባሕሩም መርከቡም ቀርቶ
መጋዘን እጠብቅ ነበር፣ ሙያዬ እኔም ዘንድ ተረስቶ።
ያን ቀን በተውሶ ሲሊንደር ወረድሁ፤ አየሩ ግማሽ ነበረ።
አለቱን ዳሰስሁ። የመኪና ጎማ። የወንበር እግር። ሽቦ።
እጄ አንድ ጫማ ላይ ሲያርፍ
ትንፋሹ ከአፌ ላይ ከበደ፣ ቀጠነ፣ ቀረ።

ወጣሁ። ጉተማ ገመዱን እንደያዘ ነበር።
ምንም አልጠየቀኝም።
በሦስተኛው ቀን ውኃው ራሱ መለሰው።

ከዚያ ወዲያ ነው እድሩ፣ «ለመቅበሪያ የምናዋጣውን
ለመፈለጊያም እናዋጣ» ብሎ ያወጣው ይህን።

ሙዘሚል ቁልፍ አቀበለኝ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር።
አጭሩን መታሁት፤ ዷ ብሎ ዝም፣ ድምፁ ሆዱ ውስጥ ሲቀር።
ረጅሙን መታሁት፤ ድምፁ ወጥቶ ቆርቆሮውን ዞረ፣
ውሻውን አስነሣ፣ መኪና አጣቢዎቹን አዞረ፣
ቁልፉን ካስቀመጥሁ በኋላም መዳፌ ላይ ኖረ።

ቫልቮቹን ፈታን፤ በስልኬ መብራት ሆዳቸውን ባየው
አጭሩ ቀይ አፈር ቅሟል፤ ረጅሙን ዝገት አልነካው።
«አይጨነቁ» አለ ሙዘሚል፣ «አጭሩም ወዳቂ አይደለም፤
የሚካኤል ሰበካ ጠይቆኛል፣ ታቹን ቆርጦ ደወል ሊያደርገው።»
እንግዲህ እኔ የዘገየሁ ዕለት
የሚናገረው እሱ ነው።

ሠላሳ ሁለት ሺሕ አለ፤ በሃያ ሰባት ተስማማን።
ደረሰኙ ላይ ምን ይባል? ብዙ ተከራከርን፤
በመጨረሻ፣ «ጋን፣ ብረት፣ አንድ» ተብሎ ተጻፈልን።

ባጃጁ ውስጥ በሁለታችን መካከል አስቀመጥነው፤
ጉድጓድ በነጠረ ቁጥር ጉልበቴን እየገጨው።
«ስንት ደቂቃ ነው?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።
«እንደ አተነፋፈሴ ነው፤
ሃያም ይሆናል፣ ሃያ አምስት።»
የቦርሳቸውን ዚፕ ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ፣ ዘጉ።
«ጉተማ ከጠየቀህ፣ አርባ በል።»

የረር አናት ላይ ደመናው ከትናንቱ ዝቅ ብሏል።
ሰኔ ሊገባ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።