ቀይ እስክሪብቶ

በረዶ ነው ባሕሩ፤ ጀልባው ታስሮ ቆሟል፤
ከሂዩማ ደሴት ሰው መውጣቱ ቀርቷል።
ከሌሊቱ ስምንት፤ ውሻ እንኳን ዝም ብሏል፤
ምድጃዬ ውስጥም ፍሙ አመድ ለብሷል።

መታወቂያ ካርዴን ከማንበቢያው ሰክቼ፣
የምስጢር ቁጥሬን በግራዬ ከልዬ፣ በቀኜ ነክቼ
(ከማን እንደምከልል እንጃልኝ፤ ድመቷ ብቻ አለች፤
እርሷም ተኝታለች)
ገባሁ።

ነጭ ሳጥን መጣ፣ ባዶ እንደ ሜዳ።
«ይህን መልእክት ከሐኪምዎ በቀር
ማንም አያነበውም» ይላል ከግርጌው።
ጭንቁስ ይኸው አይደል? ሐኪሜ ታርሞ ነው።

ታርሞ፣
አንደኛ ክፍል ሳለ ከመስኮቱ ጥግ ተቀማጭ፣
አፍንጫውን በእጅጌው ጠራጊ፣ እርሳስ አላማጭ፣
ጥንድ ፊደል ሲያጋጥመው አንደኛውን ውጦ
ሌላውን ብቻ ጽፎ የሚያየኝ አፍጦ።
ስንት ቀይ እስክሪብቶ አለቀ በእርሱ ደብተር!
«ድገመው፣ ታርሞ። አሥር ጊዜ። በንጹሕ መስመር።»

አሁን ለዚያ ልጅ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጀመርኩ፦ «ውድ ዶክተር፣ ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል፤
የወደቡ መንገድ በበረዶ ተቀብሯል።»
ይህ የአየር ትንበያ ነው። ሰረዝኩት።

«የእናትህ ጉልበት ተሻላት ወይ? ገበያ ካየኋት
ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሰላም በልልኝ ስታገኛት።»
ይህም ጨዋታ ነው። ሰረዝኩት።

«አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ ሰባ ሦስት ዓመቷ…»
እጄ ቆመ።
«ያደረግከውን በሌላ አታሳብብ» እያልኩ
ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ የጨረስኩ
እኔ አይደለሁም ወይ?
ሰረዝኳት ምስኪኗን፣ ከነሰባ ሦስት ዓመቷ።

በፈተና ቀን ልጆቹን እንዲህ ነበር የሚያልባቸው፤
ወረቀቱ ነጭ ሆኖ፣ ቃሉ ሲጠፋባቸው።
«ቀላሉን ቃል ጻፉ፣ የምታውቁትን፣ በአጭሩ»
እል ነበር። በይ እንግዲህ፣ መምህርት፤ አሳዪን በተግባሩ።

ጻፍኩ፦
«ሽንቴ ውስጥ ደም አያለሁ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።
አያምመኝም። ለማንም አልተናገርኩም።»

አሥር ቃል።
ቅጠል ሲረግፍ፣ ሌላ ሕመም ሸሽጌ ሄጄ፣ ሃፕሳሉ ተሻግሬ፣
ያን ነጭ ጋውን ሳየው «ጉንፋን ነው» ብዬ ነበር፣ አፍሬ።
ሽሮፕ ሰጠኝ። ሽሮፑ እስካሁን አልተከፈተም።

«ላክ» የምትለዋን ተጫንኩ። ጀልባ ያልሻገረውን ባሕር
ደሜ ተሻገረ፣ ያለ ቲኬት፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ማፈር።
እኔ ግን አፈርኩ። መብራት አጥፍቼም ፊቴ ይሞቀኝ ነበር።

ጠዋት አንድ ከአርባ፣ ገና ሳይነጋ፣
ስልኬ ተንቀጠቀጠች ከትራሴ ጋ።
ደግሞ ካርዱን። ደግሞ ቁጥሩን።

«መምህርት፣
ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ችላ የሚባል ነገር አይደለም፤
ደም ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይደለም።
ዛሬውኑ ደሴቱ ላይ ላለችው ነርስ ሽንትዎን ይስጡ፤ አዝዣለሁ።
ጀልባው እንደተነሳ ይመጣሉ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ።
ትኩሳት ቢኖር ወይም ሽንት እምቢ ቢል፣ መጻፉን ይተዉ፣
ይደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን።
ታርሞ»

ሁለቴ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ዓይኔ ቆመ።
«ቀጠሮ» የሚለው ቃል ውስጥ ከጥንዶቹ ፊደላት
አንዱ የለም። ውጦታል።

እጄ፣ ሳላዘው፣ መሳቢያውን ከፈተ።
ቀዩ እስክሪብቶ አለ፤ ክዳኑ ጠፍቷል፤ ቀለሙ ግን አልሞተ።
ጥቂት ያዝኩት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

የእንጆሪ ማርማላታ የነበረበትን ብልቃጥ
በፈላ ውሃ አጠብኩ፣ ካፖርቴን ለበስኩ፣ ወጣሁ ወደ በረዶው።
ከዳንኩ እነግረዋለሁ።
አሥር ጊዜ ይጽፈዋል።