ዩ

ጭጋግ ከጣርማበር ወርዶ፣ ሰኞ ጠዋት በማለዳ፣
ክፍላችን ገባ በመስኮት፣ ሳይጠራ እንደ እንግዳ።
ጥፍር በምታህል ጠመኔ፣ በቀረችኝ ስባሪ፣
«ማይ ፍሬንድ» ብዬ ስጽፍ፣ ተንጫጫ ተማሪ።
«ቲቸር፣ ፍሬ አለበት!» አለ ይድነቅ፣ ከጥግ ብድግ ብሎ፣
«ይበላል እንዴ?» ቢለኝ፣ ክፍሉ ፈረሰ በሳቅ ተንከባሎ።

ቀጠልኩ፦ «ዩ አር ማይ ፍሬንድ»።
«ዩ ማለት አንተ፣ ዩ ማለት አንቺ፤ ሲበዙም ያው ዩ ነው፤
ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ሁሉንም በአንድ የሚጠራው።»
«መምሬንስ?» አለች ኤፍራታ፣ «የንስሐ አባታችንን?»
«እሳቸውንም ዩ ነው» ብላት፣ በመዳፏ ያዘች አፏን።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተባባሉ ብዬ ሳቆማቸው፣
ኤፍራታና ጥሩዓለም ጀርባና ጀርባ ናቸው።
ዓርብ መቅረጫ ጠፍቶ፣ «ወሰድሽ»፣ «አልወሰድኩም» ብለው፣
ትንሿን ጣት ቆላልፈው፣ በጥሰው ተለያይተው።
«ኩርፊያ ነው» አለኝ ይድነቅ፣ እንደ ሽማግሌ ኮስተር ብሎ፣
«እስከ ጥምቀት ነው፤ ምለዋል፣ በእናታቸው ቆሎ።»

«ይቅርታ ተባባሉ» ብል፣ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።
ምን ላድርግ?
«ይቅርታ» ድንጋይ ያሸክማል፣ ሽማግሌ ያስጠራል፣
እግር ላይ ያስወድቃል፤ ለስምንት ዓመት ጫንቃ ይከብዳል።
ያቺ «ሶሪ» ግን እንግዳ ናት፣ አገር የላት፣ ዘመድ የላት፤
ለረቡዕ ብዬ ሰሌዳው ጥግ፣ በትንሹ ጽፌያት።
ጥሩዓለም ከሩቅ አይታ፣ ፊደል በፊደል ለቅማ፣
«ሶ... ሪ» አለች ሳትዞር፣ ራሷ እንኳ እንዳትሰማ።
ኤፍራታም፣ «አይ አም ፋይን፣ ታንኪዩ»፤ የምታውቀው ይኼን ነበረ፤
ልክ አልነበረም መልሱ። ዳስተሩ እጄ ላይ ቀረ።
በዕረፍት ሰዓት አንድ ብስኩት፣ ለሁለት ሲገመስ አየሁ፤
መቅረጫው የት እንደገባ፣ የሚጠይቅ ሰው አጣሁ።

እኔ ደግሞ ሦስት ዓመቴ፣ ከወይንሸት ካልተነጋገርን፤
መቅረጫ አልነበረም ምክንያቱ፤ እሱን ለዛሬ ይቅርብን።
ደብረ ብርሃን ናት አሉኝ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሰፈር፤
በታክሲ የሰዓት መንገድ፤ እኛ ግን ያለን በሌላ አገር።
ማታ ስልኬን አወጣሁ፣ ስሟ ላይ ጣቴን አቆየሁ፣
«ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።
ከዚያ «ሶሪ»ን ሞከርኳት፣ በልጆቹ አፍ፣ በለሆሳስ፤
አልቀለለችም ለእኔ፤ ትርጉሟን አውቀዋለሁ ለካስ።

የደሴ አውቶቡስ ወደ ዋሻው፣ እያቃሰተ ይወጣል።
መልእክቱ አልሄደም፤ ስልኩ ትራሴ ሥር ያበራል።
የነገ ትምህርት ደግሞ፣ ደብተሬ ላይ የተጻፈው፣
«ካን አይ ፕሌይ ዊዝ ዩ» ነው።