የመውደቅ ሙያ

ሐይፋ፣ ከወደቡ በላይ፣ ደረጃው በማያልቅበት ሰፈር፣
የሽማግሎች ቤት አለ፤ እዚያ አንሶላ አጥብ ነበር።
አባቴ «ይርጋ» ያለኝን፣ ጸሐፊዋ መጻፍ ቢከብዳት፣
«ይጋል» ብላ መዘገበችኝ፤ እኔም ዝም አልኳት።
«አዎ»ና «አይደለም» ብቻ ከቋንቋቸው ይዤ፣
ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ፣ አንሶላ ለመቀየር ታዝዤ።

አልጋ ቁጥር ዐሥራ አንድ፣ ኤርኖ ቪንክለር፤
ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ቅንድቡ ግን ጡረታ ያልወጣ ወታደር።
ከራስጌው አንድ ፎቶ፦ ባርኔጣውን ዶሮ ስትበላ፣
እሱ ዱቄት ለብሶ ከመሰላል ጋር ሲጣላ።

እሱ መናገር ሰልችቶት፣ እኔ መናገር ሳልጀምር ተገናኘን፤
ካልሲውን እጁ ላይ አጥልቆ ካልሲውን ሲፈልግ፣
ትራሱን አዝሎ እሹሩሩ ሲል፣
ሳቅ ገደለን።

ኋላ፣ ጆሮዬ ሲከፈት፣ ነርሷ ሾሻና ነገረችኝ፦
ቡዳፔስት፣ ፊልም ገና አፍ ሳይፈታ፣
የሚከፈለው በውድቀት ነበር፦ ለመሰላል አምስት ፔንጎ፣ ለመስኮት ዐሥር፣
ለድልድይ ሃያ፣ የወጌሻው ሒሳብ ሳይቆጠር።
አርባ አንድ ፊልም፤ ሦስት የተሰበረ ጎድን፤ አንዲት ሚስት።
ከዚያ ድምፅ መጣ። «በል ተናገር» አሉት።
ማይክሮፎኑ ፊት፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ወጣ፤
በሳምንቱ በቦታው አንድ ጎርናና ሰው መጣ።

የሚቀጥለውን ዐሥር ዓመት ሾሻና ዘለለችው፤
እኔም አልጠየቅኋት።

ከመርከብ ሲወርድ ሻንጣው ውስጥ አንድ ጥቅል ፊልም፣ ሌላ የለ፤
ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ላይ ቆሞ ትኬት ቆረጠ፣
በካርሜል ጠመዝማዛ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየተንገዳገደ፣
አንድ ቀን እንኳ አልወደቀ።
«ለምን?» ሲሉት፣
«ማን ይከፍለኛል?» አለ አሉ።

ጥር ላይ ነው፤ ዝናቡ አላባራም፤ ጋሪዬን እየገፋሁ፣
ከእርጥቡ አንሶላ የተንጠባጠበ ውኃ ኮሪደሩን ሲያረጥብ አላየሁ።
እሱ ከክፍሉ ወጣ። «ቁም» የሚለው ቃል ጠፋኝ፤
«አባባ!» ብዬ ጮኽሁ፣ በአማርኛ፤ አልሰማኝ።
እግሩ ወደ ጣራው፣ ክንዱ እንደ ጆቢራ፣
በሌላው እጁ የሌለ ባርኔጣውን ጭምድድ አድርጎ፣ እንዳይወድቅበት ሲፈራ፣

እኔ ሳቅሁ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጉልበቴን ይዤ እስካነባ ሳቅሁ፤
ዳሌው መሰበሩን፣ መነሣቱ ሲዘገይ አወቅሁ።
እሱ ግን ከወለሉ ላይ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ አየኝ፤
አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ አሻሸ፤ «ሒሳቤን» እንደሚለኝ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ።

ሾሻና ጥቅሉን የሚያዞር ማሽን ከየትም ከየትም ተውሳ፣
እራት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው፣ የአልጋ ዐሥራ አንድን አንሶላ።
አራት ደቂቃ ነው፤ ጽሑፉን ማንም አላነበበው፤
የማራኬሿ አሮጊት፣ የዋርሶው ሰዓት ጠጋኝ፣ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣
እኩል ነው የገባቸው።

እኔ አልሳቅሁም። ያ ልጅ ከመሰላል፣ ከመስኮት፣ ከጋሪ በወደቀ ቁጥር፣
እጄ በጨለማው፣ ኪሴ ውስጥ፣ ሳንቲም ይቆጥር ነበር።