ሦስተኛው ቫልቭ

ሥልጠናው እዚያው ነው፣ ከጨው መጋዘኑ፤
ፋብሪካው ከቆመ ሦስት ዓመት መሆኑ።
ግድግዳው ግን ዛሬም፣ የኮምቦልቻ ቀትር ሲያርፍበት፣
ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ያልለቀቀው አለበት።

ሃያ ሁለት ነን። በቀን መቶ ሃያ ብር፣
ሻይና አምባሻ፣ ደብተር ከእስክሪብቶ ጋር።
አሠልጣኙ ልጅ ነው፤ ማለዳ ከደሴ
ሐረጎን ሲወርድ ጉሙ አብሮት ይመጣል፤
መነጽሩን ይጠርጋል፤ ሰሌዳው ላይ
«ክሮሚየም» ብሎ ይጽፍና ዞሮ ያየናል።

«ይህን ስም የሚያውቅ?»
                    ዝም።
አሊጋዝ ከኋላ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፦
«እኛ ‹ሰማያዊው› ነበር የምንለው፣
በባዶ እጃችን ስናፍሰው።»

እጄን አየሁ።
የአውራ ጣቴ ጥፍር ከወለቀ አልተመለሰ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከበርሜል ወደ በርሜል ስገለብጥ
ስሙን ማን ጠየቀ? ማንስ መለሰ?

ነጭ ልብስ ያስለብሱናል፣ ከእግር እስከ ራስ፣
ጭምብል፣ ቦት ጫማ፣ በጓንት ላይ ጓንት።
«አብሽሩ፣ ከፈኑ ቀድሞ ደረሰ» ይላል አሊጋዝ፤
ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።
ፋብሪካው በሕይወት ሳለ ጓንት አልነበረውም፤
ሬሳው ሲታጠብ ግን ተገኘለት።

ከጎኔ ጦይባ ናት።
እሷ የፋብሪካ ሰው አይደለችም፤ ከታች ናት፣ ከቦርከና ዳር፣
ሽንኩርቷ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ የሚቀር፣
ዳለቻ ላሟ ውኃ ጠጥታ የተኛች፣
ተኝታም የቀረች።
ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትጽፋለች፤
ፊደሏ ትልልቅ ነው፣ የጎልማሶች ትምህርት ፊደል።
እስክሪብቶዬ ሲነጥፍ የራሷን ሰጠችኝ።
ባትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ካርታ ዘረጋ፤ በአራቱ ማዕዘን አራት ድንጋይ።
«ቱቦው የት ላይ ነው የሚወጣው?» አለ፤ «ካርታው አያሳይም።»
ካርታው ከየት ያሳያል!
ካርታው ክረምት ሌሊት ዘበኛ ቤት አልነበረ፣
ስልኩ ሲጮህ፣ አለቃዬ «ዘነበ ወይ?» ሲል፣
«ዘነበ» ስል፣ «በል ሦስተኛውን ክፈተው፤ ጎርፉ ይውሰደው» ሲል።
አዙር፣ አዙር፣ አዙር፤
ብረቱ ያፏጭ ነበር።
ደመወዜ ሰባት መቶ ሃምሳ፣ የሌሊት አበል ሃያ አምስት፤
ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነበረች።
ይህን ለማመካኛ አይደለም የምናገረው።
ወይም ነው።

ዓርብ ፈተና ሆነ። ጥያቄ አምስት፦
«የብክለቱን ምንጭ በአንድ ቃል ጻፉ።»
«ቫልቭ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።
«ይመር» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ነው። በላጲስ ፈተግኩት፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ተበሳ፤
በቀዳዳው ጠረጴዛው ታየኝ፤ አሮጌ የጨው ጠረጴዛ፣
ነጭ ነጭ ያለበት።
እንዲያው አስረከብኩት።

ሰኞ ሜዳ ወጣን። ጦይባ የሜትሩን ጫፍ ይዛ
ረግረጉን ተሻገረች፤ ቀና አላለችም።
«ይመር» አለች፣ «ቱቦው ከዚያ ግራር ሥር አይደል?»

ምላሴ ደረቀ። «በምን አወቅሽ?»

«ያፏጭ ነበር» አለች።
«ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሌሊት፣ ይሰማኝ ነበር።
ላሚቱ ጆሮዋን ታቆማለች።
መጀመሪያ የወፍ ድምፅ መስሎኝ፣
ምን ዓይነት ወፍ ነው በዝናብ የሚዘምር እያልኩ...»
አልጨረሰችውም።
«ሳብ አርገህ ያዝ እንጂ፣ ረገበ።»

ሳብ አርጌ ያዝኩ።
አሥራ አራት ሜትር ከሰባ።
ልጁ እየሮጠ መጣ፣ ቦቲው ጭቃ እየዋጠው፤
ካርታው ላይ ነጥብ አኖረ፣ ከነጥቡም ጎን «ምንጭ» ብሎ ጻፈ።
«ማነው ያገኘው?» አለን፣ ደስ ብሎት።

ጦይባ ሜትሩን ትጠቀልላለች፤ ወደ እኔ አላየችም።
እኔ ጭምብሌን አወረድኩ።