አረንጓዴዋ ነጥብ

ሰዉ ሁሉ ሐደራ እያለ ይጠራል፤
በእኔ ጆሮ ግን አደራ ይመስላል።
ጊብዓት ኦልጋ ጫፍ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ለሮኬት የሠሩት ምክላት፣ የብረት በር፤
ውስጡ ግን ፎቶ ነው፣ ካሴት ነው፣ ደብዳቤ፣
ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ነው፣ እዚያው ነው ሐሳቤ።

ሕጋችን አጭር ናት፤ የመጣውን ሁሉ
ሦስት ሰዎች አይተው፣ መርምረው ይስቀሉ።
"ይሄ ማነው? የት ነው? ማን አነሳው? መቼ?"
ብዬ እጠይቃለሁ፣ መነጽሬን ሰክቼ።
ለታመነ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለ፤
አረንጓዴ ነጥብ ከስሙ ጎን ካለ፣
ፖስታው ሳይመረመር ግድግዳው ላይ ዋለ።

አባ እንግዳሸት፣ ፎቶ እያመጡ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ስም ሳይለውጡ፣
ከአምቦበር እስከ ገዳሪፍ ጎዳና
የወደቀውን ሰው በስም ጠርተዋልና፣
ነጥቧ አነሰቻቸው እንጂ አልበዛችም።

ሊራዝ ወታደር ናት፤ ከነጠመንጃዋ
አንድ ፎቶ አመጣች፣
ከሟች አክስቷ ሻንጣ ያገኘችው ለብቻዋ።
"ምስክር አምጪ" አልኳት። አመጣች። "ሌላ" አልኳት።
ለአሥራ አንድ ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ አቆየኋት።
ጥፋቷ? አዲስ ናት። አማርኛዋ ስብርብር ነው።
ሌላ ምን አውቃለሁ? ችሎቴ ይኸው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ላይ ወይዘሮ ድንቄ መጥታ
ግድግዳው ፊት ቆመች፣ ጣቷን አስጠግታ።
"ይቺ" አለች፣ "እህቴ ናት። ጥሩዬ ናት ይቺ።
በማን ስም ጻፉብሽ? ምነው ዝም አልሽ አንቺ?"
አረንጓዴዋ ነጥብ ከጥጉ ታበራለች።
ማን አይቶ አሳለፈ? ማንም። እሷ አሳለፈች።

ማውረድ ይቀል ነበር፤ በሌሊት፣ በስውር፣
ሽማግሌው ሳይሰሙ፣ አንድ ቃል ሳይነገር።
ግን እንዲያ ማድረግም ሌላ ስርቆት መሰለኝ፤
ደወልኩ። "ይምጡ አባ፣ የምጠይቅዎ አለኝ።"

መጡ። ፎቶውን ያዙ። ወደ አምፖሉ አቀረቡት፤
አራቁት፤ አዞሩት፤ በአውራ ጣት ዳበሱት።
የአየር ማቀዝቀዣው ብቻውን ያጉረመርማል።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣
"ዓይኔ ከከዳኝ ዓመት አለፈው፤
ሰው የምለየው በድምፁ ነው።
ፎቶ ደግሞ ድምፅ የለው።
ፖስታዬን ከፍተሽ አንዴ ብትጠይቂኝ፣
'አባ፣ ይሄ ማነው?' ብለሽ ብትሞግቺኝ፣
ያኔ ታውቂ ነበር ብርሃን እንደራቀኝ።
አፍሬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም ማንም አልጠየቀኝ።
አመንሽኝ እንጂ፣ ልጄ፣ መች አየሽኝ?"

ምን ይመለሳል?
የጥሩዬን ስም ድንቄ ራሷ ጻፈች፣
እሳቸው አጠገቧ ቆመው፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነጥቧን አልፋቅኋትም። ትርጉሟን ግን ለወጥኩት፦
"ይህን ሰው ቀድመሽ እዪው" ብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት።
መሳቢያውን ከፈትኩ። ለሊራዝ ደወልኩላት።
"በሴደር" አለችኝ፣ ይቅርታዬን ስነግራት።
በሴደር አልነበረም። ድምፅዋ ያስታውቃል።

ሦስት ሆነን አየን። ሦስተኛው ሽማግሌው።
"ምን ይታይሻል?" አሏት፣ ፊታቸውን ወደ እሷ መልሰው።
"ሴት... ገመድ የያዘች... ከኋላ ድንኳን... አንድ ጫማ ብቻ..."
ቃል ሲጠፋት በእጇ አየር ላይ ትስላለች፣ ለማያይ ሰው።
እስክትጨርስ ጠበቁ። ደግመው ጠየቁ፤ የቱ እግር? ቀኙ።
"ባውቃት ደስ ባለኝ" አሉ መጨረሻ ላይ። "አላውቃትም።"

ሰቀልናት። ከሥሯ ጻፍኩ፦
"አንድ ጫማ ያላት ሴት። ገና አልታወቀችም።"